ይህ ቅንብር ለባንዳችን ይመጥናል? ጥያቄና መልስ

በኖታ የተጻፈ ቅንብር ለመጫወት ምን ያህል ችሎታ ይበቃል ለምትሉ፣ ዛሬ ጠይቁ። እኔ የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ ነው የማለማምደው።

ጥያቄ፦ ሽፋኑ ላይ «ደረጃ 3» ይላል። እኔም የግል ፈተናዬን 3ኛ ደረጃ አልፌያለሁ። እችለዋለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የኤቢአርኤስኤም (የእንግሊዝ የሙዚቃ ፈተና ሰጪ ድርጅት) የግል ፈተና ከ1 እስከ 8 ይሄዳል። የባንድ ቅንብር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 6 ነው የሚመደበው። መለኪያቸው ለየቅል ነው። አሳታሚዎችም እርስ በርስ አይገጥሙም። ቁጥሩን ትታችሁ ፓርቱን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው የተጻፈውን ኖታ፣ እዩ።

ጥያቄ፦ ፓርቱ ላይ ምኑን ልይ?

መልስ፦ ጎሽ፣ ይሄ ነው ጥያቄ! የ2ኛ ክላርኔትን ፓርት አውጣ። ብዙ ጊዜ ደከም ያለው ልጅ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከመካከለኛው ላ ወደ ሲ ስንት ጊዜ ይሻገራል? ላን ለመንፋት አንድ ጣት ይበቃል። ሲ ላይ ግን ቀዳዳዎቹ በሙሉ መደፈን አለባቸው። አንዷ ጣት ትንሽ ከዘገየች ድምፁ ሲጥ ይላል። ቀጥሎ ሆርኑን እይ። ከፍ ባለ ኖታ በድንገት ይገባል? እዚያ ላይ ድምፆቹ ስለሚቀራረቡ ጎረቤቱን ኖታ መምታት ቀላል ነው። መጨረሻ ላይ፣ ብቻውን የሚጋለጥ መስመር ካለ ማን እንደሚይዘው አስብ። ባንዱን የሚወስነው ጎበዙ ትራምፔተኛ አይደለም።

አንድ አባል፦ እኔ ግን ዋናው ፍጥነት ነው እላለሁ። ቀስ ያለውን ማንም ይጫወተዋል።

ሌላ አባል፦ ኧረ በፍጹም! ረጅም ኖታ ይዘህ ሳትወዛወዝ ለመቆየት ትንፋሽ ያስፈልጋል። እዚያ መደበቂያ የለም።

አንድ አባል፦ የኛ ከበሮ መቺ ግን...

መልስ፦ ስለ ቀስታው ሁለተኛው ልክ ነው። አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ አልቶ ሳክስፎን የትራምፔቱን ፓርት ቢጫወትስ?

መልስ፦ እንዳለ አይሆንም። ትራምፔቱ ሲ ፍላት፣ አልቶው ሚ ፍላት ነው፤ ማለትም ያንኑ የተጻፈ ኖታ ሲነፉ የሚወጣው ድምፅ ይለያያል። ይቀየርለት።

ጥያቄ፦ ኖታ ሳላነብ፣ በጆሮዬ ብቻ?

መልስ፦ 14 ባር (በኖታው ላይ በቋሚ መስመር የሚለየው እኩል የምት ክፍል) ዝም ብለህ 15ኛው ላይ በትክክል መግባት ትችላለህ? ካልቻልክ አንብብ።

ጥያቄ፦ ለቫዮሊኖችስ?

መልስ፦ መስኬ አይደለም።

ጥያቄ፦ ባንዳችን መካከለኛ ነው። ደረጃ ስንት እንግዛ?

መልስ፦ «መካከለኛ» ብሎ መልስ የለም! ስንት ሰው ናችሁ? ክላርኔቶቹ ከላ ወደ ሲ ይሻገራሉ? ደግሜ እላለሁ፣ ፓርቱን ሳታዩ አትግዙ። በእጃችሁ ያለውን ቅንብር ደግሞ ቀስ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ሞክሩት። እየተንገዳገዳችሁም ቢሆን ሳትቆሙ መጨረሻው ከደረሳችሁ ያዙት። በየአራት ባሩ ከቆማችሁ ለሚቀጥለው ዓመት አስቀምጡት።