ለኤምኤክስ-5 የጌጅ ቀለበት ጎንደር ላይ ይሠራል ወይ ላልከው

ጥያቄህን ላሳጥረው። የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 አለህ። የጌጆቹ (ከመሪው ፊት ያሉት የፍጥነት፣ የነዳጅና የመሳሰሉት መለኪያዎች) ዙሪያ ጥቁር ፕላስቲክ ብቻ ስለሆነ አላማረህም። ለጥር ሰርግ ልታከራየው ስላሰብክ የሚያብረቀርቅ የብረት ቀለበት ልታስገባበት ፈልገሃል። ጎንደር ላይ ይሠራል ወይ፣ ሳይፈታ ከላይ መለጠፍስ ይቻላል ወይ ነው ያልከው። እኔ የራሴ ላይ ሠርቼዋለሁ፣ ጓደኞቼ ሲሠሩም አግዣለሁ። ይሠራል ወንድሜ። ከላይ መለጠፉን ግን እርሳው።

ጌጆቹ ከፊት ካለው መስታወት መሰል ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ነው ያሉት። ቀለበቱን ፕላስቲኩ ላይ ብትለጥፈው ከወንበርህ ሆነህ ስታየው ከጌጁ ጋር አይገጥምም። ትንሽ ዘንበል ስትል ደግሞ ቁጥሩን ይጋርድብሃል። ስለዚህ መፍታት ግድ ነው።

ቀለበቱን ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለህ አስመጣ። ከሌለህ ጥሩ ቶርኖ ቤት (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን ያለው) ከአሉሚኒየም ይሠራልሃል። እኔ የምመርጠው ቶርኖውን ነው፣ ምክንያቱም ልኩን አንተ ትወስነዋለህ። አምስት ጌጅ ነው ያለህ፦ ሁለቱ ትልልቆቹ የፍጥነትና የሞተር ዙር፣ ትንንሾቹ የዘይት ግፊት፣ የሙቀትና የነዳጅ። ሁሉንም አንድ በአንድ በካሊፐር፣ ማለትም ሚሊ ሜትር በሚለካው መንጋጋ መሰል መለኪያ፣ ለካ። ቶርኖ ቤት ከመሄድህ በፊት በዚያው ልክ ከወፍራም ወረቀት ቀለበት ቆርጠህ ቦታው ላይ አስቀምጠው። ከሾፌር ወንበር ላይ ሆነህ እየው። ጠርዝ ላይ ያሉትን ጭረቶች ከሸፈነ ወይም የማስጠንቀቂያ መብራት ከጋረደ ውስጡን አስፋው። መኪናህ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ትልቁ ቁጥር ማይል ነው፣ ኪሎ ሜትሩ በትንሹ ነው የተጻፈው። እሱ እንዳይሸፈን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ቀለበት አታሠራ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋን ታውቃታለህ። ያንተ መኪና ደግሞ ጣሪያው ይከፈታል። ከሰዓት በኋላ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስትመጣ ፀሐዩ ከኋላህ ነው። ጣሪያው ተከፍቶ ከሆነ ብርሃኑ በትከሻህ ላይ አልፎ ቀጥታ ጌጁ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ዓይንህ ውስጥ ይገባል። አንዱ ጓደኛዬ ክሮም አስገብቶ መጨረሻ ላይ ቀለበቱ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፎ ነው የሚነዳው። ለቶርኖ ሠሪው ቀለበቱ ማሽኑ ላይ እየዞረ ሳለ 400 ቁጥር፣ ቀጥሎ 800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እንዲያስነካው ንገረው። ደብዘዝ ያለ የብር መልክ ይወጣዋል። ከአንጸባራቂው ይልቅ የፋብሪካ ይመስላል፣ ፎቶ ላይም ያምራል። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ ፋሲል ግንብ ፊት ለፎቶ የቆመች ሙሽራ ጌጅ የምታይ አይመስለኝም።

አፈታቱ ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። የመሪውን ዘንግ የያዙትን ብሎኖች አላልተህ መሪውን ወደ ታች ዝቅ አድርገው፣ ቦታ ይሰጥሃል። ጌጁን የሚከልለውን ጥቁር ኮፍያ ፍታ፣ ቀጥሎ የጌጁን ሳጥን። ብሎኖቹ የሚገቡት ፕላስቲክ ውስጥ ስለሆነ ስትመልሳቸው በካቻቢቴ በእጅህ ብቻ አጥብቃቸው። ድሪል ከነካቸው ጥርሱ ይበላል።

ሰው ዕቃ የሚሰብርበት ቦታ የፍጥነቱ ገመድ ነው። በዚህ ሞዴል ከካምቢዮ ተነስቶ ጌጁ ጀርባ ላይ የሚሰካ ገመድ አለ። አጭር ነው። ሳጥኑን ጎትተህ ላውጣ ካልክ መሰኪያውን ትሰብረዋለህ። አንድ ሰው በሞተሩ በኩል ገመዱን ትንሽ ወደ ውስጥ ይግፋልህ፣ ያኔ እጅህ ከኋላ ይገባል፣ መቆለፊያውን ተጭነህ ትነቅለዋለህ። የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹም መቆለፊያ አላቸው፣ ሽቦውን ይዘህ አትጎትት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አንድ የተሰበረ ጌጅ የሚተካልህ መኪና ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሳጥኑን ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ክፈተው። ጋራዥ ግቢ ውስጥ አይሆንም፣ አቧራው ውስጥ ይቀራል። የፊቱ ፕላስቲክ በትንንሽ ቁልፎች ነው የተያዘው፣ ቀስ እያልክ አላቃቸው። ቀስቶቹን በጣትህ እንዳትነካ። ትንሽ ከዞሩ ንባባቸው ይዛባል። ፕላስቲኩን በለብ ባለ የሳሙና ውሃና በለስላሳ ጨርቅ እጠበው። አልኮል፣ ቤንዚን፣ ቲነር አይጠጋው፣ ይሰነጣጥቀዋል ወይም ያደበዝዘዋል።

ማጣበቂያው ላይ አደራ። ሱፐር ግሉ በፍጹም! ሲደርቅ የሚያወጣው ትነት ፕላስቲኩ ላይ ነጭ ጉም ሠርቶ ይቀራል። አንዱ ባለሙያ «ይይዛል» ብሎ በእሱ ለጥፎ ወዲያው ዘጋው፣ በማግሥቱ ጌጁ እንደ ክረምት መስኮት ሆኖ ነበር። ሁለቱን ቀላቅለህ የምትቀባውን ኢፖክሲ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ነጥብ ነጥብ አድርገህ ቀለበቱ ጀርባ ላይ አድርግ። ክፍቱን እንዳለ ይደር፣ ንጹሕ ጨርቅ ብቻ ከላይ ጣል አድርግበት። የኮብልስቶኑ መንቀጥቀጥ ቀጭን ፕላስተርን ስለሚያላቅቅ ኢፖክሲው ይሻላል።

የተቃጠለ አምፖል ካለ በዚያው ቀይር፣ ድጋሚ አትፈታም። የዘይት ግፊቱ ቀስት ሁሌ መሐል ላይ ከቆመ ደግሞ አትደንግጥ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ያሉት ላይ ግፊት አለ ወይም የለም ከማለት ውጪ ልኩን አይናገርም።

ስትመልስ ኮፍያውን ከማሰርህ በፊት ባትሪውን ሰክተህ ሞተሩን አስነሳ፣ መብራቶቹን እይ፣ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ንዳው። የፍጥነቱ ቀስት ካልተነሳ ገመዱ «ቀጭ» ብሎ አልገባም ማለት ነው። መኪናህ እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ ያለው ሁለተኛው ትውልድ ሆኖ ከተገኘ ግን ገመዱ የለም፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። የሊብሬውን ዓመተ ምሕረት አይተህ ጻፍልኝ፣ እንደሱ እነግርሃለሁ።