ከአልጋ ሥር አልወጣ ላለችው አሮጊት ድመትህ

ከመጠለያ ያመጣሃትን ድመት ከአልጋ ሥር ጎትተህ ማውጣት ይኖርብህ እንደሆነ ጠይቀሃል። በፍጹም አትጎትታት። አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ስጣት። መደበቂያ ካርቶን፣ ምግብ፣ ውሃና የመጸዳጃ አሸዋ እዚያው አድርግላት። የአሸዋው ሳጥን ጠርዙ ዝቅ ይበል፤ በዚህ ዕድሜ መገጣጠሚያ ያማል።

አንተ መሬት ላይ ቁጭ ብለህ የራስህን ነገር ሥራ። አታፍጥጥባት፤ ካየችህ ዓይንህን ቀስ ብለህ ጨፍነህ ክፈት። እጅህን ራሷ መጥታ ታሽትተው። ወራት ሊፈጅ ይችላል። በልጅነቷ ሰው ያልለመደች ድመት ጭን ላይ ላትወጣም ትችላለች፤ አጠገብህ መተኛቷ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከልምዴ አንድ ነገር ልንገርህ፦ አለመብላቷን "ዓይን አፋር ስለሆነች ነው" ብለህ አትለፈው። ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰች ለእንስሳት ሐኪም ደውል። ድመት ምግብ ካቆመች ጉበቷ በስብ ሊጎዳ ይችላል። የጥርስና የኩላሊት ሕመምም አሮጊት ድመትን እንዲሁ ያስደብቃል።