ጃፓን ለመማር ለምትሄደው እህታችን፦ ዝም አትበዪ

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። በጃፓን መንግሥት የሜክስት ስኮላርሺፕ ለማስተርስ በኤፕሪል እንደምትጀምሪ ነግረሽን አራት ነገር ጠይቀሻል፦ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ ጃፓንኛ ያስፈልገኛል ወይ? ምን ይዤ ልሂድ? ጾሜን እንዴት ልጠብቅ? ፕሮፌሰሬንስ እንዴት ልቅረባቸው? እኔ በጃፓን ባሕር በኩል ባለች አነስተኛ ከተማ አምስት ዓመት ተኩል ኖሬአለሁ፤ ስድስት ወር ኬንኪዩሴይ በሚሉት የተመራማሪ ተማሪነት፣ ሁለት ዓመት በማስተርስ፣ ሦስት ዓመት በዶክትሬት። የመጨረሻውን ጥያቄሽን አስቀድሜ የምመልሰው እኔን ከሁሉ በላይ የጎዳኝ እርሱ ስለሆነ ነው።

በጃፓን፣ በተለይ በሳይንስና በምህንድስና ዘርፍ፣ የማስተርስ ተማሪ ሕይወት ያለው መማሪያ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ኬንኪዩሺትሱ በሚባለው የፕሮፌሰሩ ቤተ ሙከራ ነው። ለማስተርስ የሚያስፈልገው 30 ክሬዲት ነው፤ አብዛኛው ተማሪ ኮርሶቹን በመጀመሪያው ዓመት ይጨርሳቸዋል። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቅሽ ጠረጴዛሽ፣ ሙከራሽና ዜሚ የተባለው ሳምንታዊ ስብሰባ ነው። ከአንቺ በፊት የገቡት ሴምፓይ ይባላሉ፤ ዕቃው የት እንዳለ፣ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሴንሴይ፣ ማለትም ፕሮፌሰሩ፣ በየትኛው ቀን ሥራ እንደሚበዛባቸው የሚነግሩሽ እነርሱ ናቸው። ጠዋት ስትገቢ ጮክ ብለሽ ሰላም በዪ። ማታ ሌሎቹ ሳይጨርሱ ስትወጪ «ኦሳኪ ኒ ሺትሱሬይ ሺማስ» በዪ፤ ቀድሜያችሁ በመውጣቴ ይቅርታ እንደ ማለት ነው። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ችላ ብሎ ዝም ብሎ የሚወጣ ሰው ለእነርሱ የተቀየመ ይመስላቸዋል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በመጀመሪያው መኸር የአፈር ናሙና እየመረመርኩ ሳለ ውጤቱ አልገጥም አለኝ። እንደገና ሠራሁት፤ አሁንም አልገጠመም። እኛ እንዴት እንዳደግን ታውቂያለሽ፤ ታላቅ ሰው ፊት ባዶ እጅ አይቀረብም፣ መምህር በጥቃቅን ነገር አይታወክም። ስለዚህ ውጤቱ እስኪስተካከል ከሴንሴይ መሸሽ ጀመርኩ። ኮሪደር ላይ ድምፃቸውን ስሰማ በደረጃው በኩል እዞር ነበር። ሦስት ሳምንት እንዲህ ቆየሁ። በሦስተኛው ዓርብ አንድ ሴምፓይ ከመሸጫ ማሽን ሁለት ጣሳ ቡና ገዝቶ አጠገቤ ተቀመጠና «ሴንሴይ ታመህ እንደሆነ ጠየቁኝ» አለኝ። አፍሬ ሄድኩ። ሴንሴይ ማስታወሻዬን ከፍተው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስህተቱን አገኙት፤ ለርጥበት መለኪያ በ105 ዲግሪ ያደረቅኩትን አፈር ለኬሚካል ምርመራውም ተጠቅሜበት ነበር። አልተቆጡም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለምን ያን ጊዜውኑ አልነገርከኝም?»

እዚያ ሆሬንሶ የሚባል የሥራ ልማድ አለ። ከሦስት ቃላት የተሠራ ነው፦ ሆኮኩ ያለበትን ደረጃ ማሳወቅ፣ ሬንራኩ መልእክትን በጊዜው ማድረስ፣ ሶዳን ከመወሰን በፊት ማማከር። በአንድ ላይ ሲጠሩ እንደ ቆስጣ ያለ አረንጓዴ ቅጠል ስም ስለሚመስል ማንም አይረሳውም። በእኛ ቤት ጨዋነት የሆነው ዝምታ በእነርሱ ዘንድ ሰው መጥፋት ነው። ይሉኝታሽን አውቀዋለሁ፤ ለሌላው ሁሉ ያዥው፣ ሥራሽ የተበላሸ ዕለት ግን አትያዥው። ሙከራው ሲከሽፍ በዚያው ቀን ሁለት መስመር ጻፊላቸው። ስትታመሚ፣ ስታረፍጂ፣ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄጂም እንዲሁ።

ደግሞ የመቀበያ ደብዳቤሽን እንደገና አንብቢ። በቀጥታ ለማስተርስ ነው የተቀበሉሽ ወይስ በኬንኪዩሴይነት? ሁለተኛው ከሆነ የመግቢያ ፈተና ይጠብቅሻል፤ ፈተናውን ካላለፍሽ የማስተርሱ መንገድ ይዘጋል። ቀኑንና የሚጠየቀውን ትምህርት ከአሁኑ ጠይቂ።

የወረቀቱ ጉዳይ ብዙ ሰው እንደሚያስፈራራሽ ከባድ አይደለም፤ ጊዜውን ማሳለፍ ግን ያስከፍላል። ናሪታ፣ ሃኔዳ ወይም ካንሳይ ስትደርሺ የመኖሪያ ካርድሽን እዚያው ይሰጡሻል። ቤት ከገባሽበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄደሽ አድራሻሽን ታስመዘግቢያለሽ። በዚያው ቀን የጤና መድኑንና የጡረታውን መስኮት ሳታዪ አትውጪ። የጤና መድኑ ከሕክምና ወጪሽ 70 በመቶውን ይሸፍናል፤ ገቢ እንደሌለሽ በቅጽ ካሳወቅሽ መዋጮው በጣም ይቀንስልሻል። ጡረታው ግን እኔን አስደንግጦኛል። ዕድሜው ከ20 እስከ 59 የሆነ ነዋሪ ሁሉ፣ የውጭ ዜጋም ቢሆን፣ ይመዘገባል፤ መዋጮው አሁን በወር ከ17 ሺህ የን በላይ ነው። ተማሪ ክፍያው እንዲቆይለት ማመልከት ይችላል፣ ማመልከቻውም በየዓመቱ ይታደሳል። እኔ ይህን ሳላውቅ በፖስታ የመጣልኝን ሁሉ ስላልገባኝ መሳቢያ ውስጥ አከማቸሁት። በአምስተኛው ወር የመሳቢያውን ክምር ይዤ ዩኒቨርሲቲው ወደ መደበልኝ ረዳት ተማሪ ሄድኩ፤ ግማሹ ክፈል የሚል ነበር። አዲስ ለገባ የውጭ ተማሪ እንዲህ ያለ ረዳት ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይመድባሉ። አንቺም ጠይቂ፤ ያልገባሽን ፖስታ በሳምንቱ ለዚያ ሰው አሳዪ።

ስለ ስምሽ ማንም አይነግርሽም፣ እኔ ልንገርሽ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ፓስፖርታችን ላይ በዚያ ቦታ የሚቀመጠው የአያታችን ስም ነው። በጃፓን ቅጾች ላይ ደግሞ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ ሰውም የሚጠራው በእርሱ ነው። ስለዚህ በቤተ ሙከራው ውስጥ ሁሉም በአያቴ ስም ላይ «ሳን» የሚለውን የአክብሮት ቃል እየጨመሩ ይጠሩኝ ጀመር። አያቴን በሕይወት አላየኋቸውም፤ ስማቸውን ግን በቀን አሥር ጊዜ እሰማው ነበር፣ እያደር ደስ ይለኝ ጀመር። በራስሽ ስም መጠራት ከፈለግሽ በመጀመሪያው ቀን ተናገሪ፤ ከአንድ ወር በኋላ አይቀየርም። ከዚህ የሚበልጠው ግን የአጻጻፉ ነገር ነው። ስምሽ ካታካና በሚባለው ፊደል ይጻፋል፣ አንድን የአማርኛ ስም ደግሞ በሦስትና በአራት ዓይነት መጻፍ ይቻላል። አንዱን ምረጪና በወረቀት ይዘሽ በባንክ፣ በዩኒቨርሲቲ፣ በስልክና በመድን ቅጽ ላይ እርሱኑ ብቻ ጻፊ። የእኔ የባንክ ደብተር ላይ አንዲት የድምፅ ማስረዘሚያ ሰረዝ ነበረች፣ ለዩኒቨርሲቲው በሰጠሁት ቅጽ ላይ አልነበረችም። በዚያች ሰረዝ ምክንያት የአንድ ወር አበሌ ዘግይቶ ደረሰኝ። ዓመተ ምሕረቱንም ሬይዋ በሚባለው የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ቁጥር ይጠይቁሻል፤ ከፈረንጁ ዓመት 2018 ቀንሺ፣ 2026 ማለት ሬይዋ 8 ነው። ሁለት ዘመን አቆጣጠር ይዞ ላደገ ሰው ይህ አያስቸግርም።

የማስተርስ አበል በወር 144 ሺህ የን፣ የኬንኪዩሴይ 143 ሺህ ነው፤ በአንዳንድ ከተሞች ጥቂት ይጨመርበታል። ገንዘቡ እንደደረስሽ አይከፈልሽምና ቢያንስ ለአንድ ወር ተኩል የሚበቃሽን ይዘሽ ሂጂ። በየወሩ በቢሮ ተገኝተሽ መፈረም አለብሽ፤ ካልፈረምሽ የዚያ ወር አበል አይመጣም። ባንክ ሲባል ስልክ ቁጥር ይጠየቃል፣ ስልክ ሲባል የባንክ ሒሳብ ይጠየቃል። ብዙ አዲስ ተማሪ የሚጀምረው ከፖስታ ባንኩ ከዩቾ ነው፤ የውጭ ተማሪዎችን ቢሮ ጠይቀሽ በነገሩሽ ቅደም ተከተል ሂጂ። የትርፍ ሰዓት ሥራ በሳምንት 28 ሰዓት ብቻ ነው፣ እርሱም በፈቃድ፤ ማመልከቻውን እንደደረስሽ ኤርፖርት ውስጥ መስጠት ይቻላል። በመጀመሪያው ዓመት ባትሠሪ እመርጣለሁ።

የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለስድስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ አፓርትመንት ስትከራዪ ሺኪኪን የሚባል መያዣ፣ ሬይኪን የሚባል ለባለቤቱ የሚሰጥና የማይመለስ ገንዘብ፣ የዋስ ድርጅትና የደላላ ክፍያ ተደማምሮ የአራት የአምስት ወር ኪራይ ያህል በአንድ ጊዜ ሊጠይቅሽ ይችላል። ከአሁኑ አስቀምጪ። ሕንጻው የተሠራው ከ1981 በኋላ መሆኑንም ጠይቂ፤ የተሻሻለው የመሬት መንቀጥቀጥ ደንብ የወጣው በዚያ ዓመት ነው። መንቀጥቀጡ ሲመጣ ስልክሽ አስቀድሞ በሚያስደነግጥ ድምፅ ይጮኻል። ጠረጴዛ ሥር ግቢ፣ ወደ ውጭ አትሩጪ። ለአምቡላንስና ለእሳት 119፣ ለፖሊስ 110 ነው።

ወደ ጃፓንኛው ልመለስ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ማለት ከተማው በእንግሊዝኛ ይኖራል ማለት አይደለም። ሐኪሙ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የቤት አከራዩ፣ የቆሻሻ መጣያው መመሪያ ሁሉ ጃፓንኛ ነው። ደግሞም እኛ ከሌላው በፊት የተሰጠን ነገር አለ። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉት ሁለቱ የጃፓን ፊደሎች እንደ ፊደላችን ድምፁን ከነአናባቢው የሚይዙ ናቸው፤ ካ ኪ ኩ ኬ ኮ እያልሽ ትሄጃለሽ። እያንዳንዳቸው 46 ብቻ ናቸው፤ ከሀ እስከ ፐ ያጠናች ልጅ በሦስት ሳምንት ትጨርሳቸዋለች። ሰዋስዉም ቢሆን ግሱ የሚመጣው እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ነው። «ዋታሺ ዋ ሚዙ ኦ ኖሚማስ» ማለት «እኔ ውሃን እጠጣለሁ» ማለት ነው፤ «ኦ» የምትለዋ የእኛን «ን» ትሠራለች። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ በኩል እየተረጎምኩ ደከምኩ፤ ከአማርኛ በቀጥታ ማሰብ ስጀምር ተፈታልኝ። ሂራጋናና ካታካናውን ከመሄድሽ በፊት ጨርሺ።

ጾምሽን በተመለከተ፣ ኤፕሪል 1 በእኛ መጋቢት 23 ነው፤ ምንጊዜም ዐቢይ ጾም ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ገና እንደደረስሽ ጿሚ ነሽ። የአትክልት የሚመስለው ሾርባና ወጥ ሁሉ ማለት ይቻላል ዳሺ በሚባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ በሚወጣ መረቅ የተሠራ ነው። ዓሣ የማትበዪ ከሆነ ይህን እወቂ። በመደብር በሚሸጠው የካሪ ወጥ ማዘጋጃ ውስጥም ብዙ ጊዜ የእንስሳት ስብ አለ። ቶፉ፣ ሩዝ፣ ባቄላና አትክልት በየቦታው ስላለ ራስሽ ማብሰል ይሻልሻል። በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ ያዢ። ቋንጣ በፍጹም እንዳትይዢ፤ ሥጋ ነክ ነገር ያለ ምርመራ ወረቀት ማስገባት ክልክል ነው፣ ቅጣትም አለው። የኤሌክትሪክ ምጣድም ተዪው፤ የእኛ በ220 ቮልት ነው የሚሠራው፣ የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው። እንጀራ ሲያምርሽና ቶኪዮ የመሄድ ዕድል ስታገኚ ካትሱሺካ የሚባለውን ወረዳ አስቢ፤ ዮትሱጊ በሚባለው ሰፈር አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ።

ክረምቱ ከምታስቢው በላይ ይቀዘቅዛል፣ ቤት ውስጥ። ግድግዳው ስስ ነው፣ የሚሞቀው ያለሽበት ክፍል ብቻ ነው። ካፖርት ከአገር ቤት አትግዢ፤ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች ውስጥ ጥሩውን በርካሽ ታገኛለሽ። ብስክሌት ከሚመረቅ ተማሪ ስትቀበዪ የምዝገባ ወረቀቱን በስምሽ አዛውሪ፤ እኔ ሳላዛውር ስነዳ ፖሊስ አስቁሞኝ የሰጠኝን ልጅ በስልክ እስኪያገኙ ግማሽ ሰዓት ቆሜአለሁ። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስትመጪ ደግሞ ኤርፖርት ላይ በምትሞዪው ቅጽ ተመልሼ እገባለሁ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግሽን ሁለት ጊዜ አረጋግጪ፤ ካልሆነ የመኖሪያ ፈቃድሽ እዚያው ያበቃል።

አረጋውያንን አትሽሺያቸው። ከኢትዮጵያ ነኝ ስትያቸው ብዙዎቹ «አበበ!» ይሉሻል፤ የ1964ቱን የቶኪዮ ማራቶን በልጅነታቸው ያዩ ናቸው። እኔ ከጎረቤቴ አዛውንት ጋር የተወዳጀሁት በዚያ ስም ነው፤ የቆሻሻውን ቀን መቁጠሪያ፣ የሚቃጠለውን ከማይቃጠለው መለየትን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው።

ለቤተሰብሽም ሰዓቱ አያስቸግርሽ። ጃፓን ከእኛ ስድስት ሰዓት ትቀድማለች፤ ስለዚህ የግድግዳ ሰዓትሽ የሚያሳየው ቁጥር እናትሽ ቤት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካለው ቁጥር ጋር አንድ ነው። አንቺ ዘንድ ከቀኑ 3 ሲል እርሳቸው ዘንድ ከጠዋቱ 3 ነው።

የበረራሽ ቀን ታውቆ ከሆነ ለፕሮፌሰርሽ ዛሬውኑ ጻፊላቸው፤ የምትደርሺበትን ቀን፣ ሰዓትና ኤርፖርት፣ ከዚያም ወደ ከተማው በምን እንደምትሄጂ። የምትገቢበትን ከተማ እዚህ ከጻፍሽልኝ ደግሞ እዚያ የማውቃቸውን ልጆች ጠይቄ አገናኝሻለሁ።