ከተረከዝ ጅማት ሕመም በኋላ ምን ዓይነት የሩጫ ጫማ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 43 ነው፤ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምኖር መምህርት ነኝ። ለአራት ዓመታት ያህል በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ ከሰፈራችን ተነሥቼ ወደ ለገጣፎ አቅጣጫ እሮጥ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ግን ከቀኝ ተረከዜ በላይ ያለው ጅማት ታመመና ጠዋት ከአልጋ ስወርድ መርገጥ እስኪያቅተኝ ድረስ አስቸገረኝ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ለአራት ወራት እንቅስቃሴ ስታሠራኝ ቆይታ፣ አሁን እየተራመድኩ በመሐሉ ትንሽ ትንሽ እንድሮጥ ፈቅዳልኛለች። የቸገረኝ የጫማው ነገር ነው። የድሮው ጫማዬ ሶሉ ስስ፣ ተረከዙም ዝቅ ያለ ነው። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ታዋቂ ሯጮቻችን የሚያደርጉትን ባለ ካርቦን ጫማ ልላክልሽ ይለኛል። መርካቶ ያነጋገርኩት ነጋዴ ደግሞ እግሬን አይቶ «ጠፍጣፋ እግር ስለሆንሽ ልዩ ጫማ ያስፈልግሻል» አለኝ። ባለቤቴ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ያሸነፈው!» እያለ ይቀልድብኛል። የማንን ምክር ልስማ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወደ ጫማው ከመሄድዎ በፊት የሚያምዎት ቦታ የቱ ጋ እንደሆነ በጣትዎ ይለዩት። ጅማቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘው ከታች ወደ ላይ ጫን ጫን ሲያደርጉት፣ ሕመሙ ከተረከዝ አጥንቱ ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከተሰማዎ የተጎዳው የጅማቱ መካከለኛ ክፍል ነው። ሕመሙ ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር በሚያያዝበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን፣ ከሶሉ ባልተናነሰ የጫማው የኋላ ግድግዳ ሊታሰብበት ይገባል፤ ደረቅና ወደ ውስጥ ያዘነበለ ግድግዳ በእያንዳንዱ እርምጃ የታመመውን ቦታ ስለሚፈትገው፣ ከኋላ ለስለስ ብሎ ወደ ውጭ የሚከፈት ጫማ መምረጥ ያስፈልጋል።

ለሁለቱም ዓይነት ሕመም የሚጠቅመው ደግሞ በተረከዙ ሥር ያለው ሶል በጣቶቹ ሥር ካለው ምን ያህል እንደሚበልጥ ማወቅ ነው። ይህ ልዩነት በተለመዱት የሩጫ ጫማዎች ላይ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ዝቅ ባሉት ላይ 4 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው። ተረከዝ ከፍ ሲል፣ እግር መሬት ላይ ሆኖ ቁርጭምጭሚት በሚታጠፍበት ጊዜ የባት ጡንቻና የተረከዝ ጅማት የሚሸከሙት ጫና ይቀንሳል። ስለዚህ ለጊዜው የድሮውን ዝቅ ያለ ጫማዎን ትተው ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ልዩነት ያለው፣ መጠነኛ ውፍረት ያለው ሶል የተገጠመለት የልምምድ ጫማ ቢያደርጉ ይሻላል። ነገር ግን ጫማው ሸክሙን ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ከጅማቱ የተነሣው ጫና በከፊል ወደ ጉልበት ይሄዳል። ጎረቤትዎ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ይህንኑ ምክር ለእሳቸው እንዳያስተላልፉ የምናሳስበውም ለዚህ ነው።

የወንድምዎ ሐሳብ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም አሁን አይበጅዎትም። ትዕግሥት አሰፋ በመስከረም 2016 ዓ.ም በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስ ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ለአንድ ውድድር ያህል ታስቦ የተሠራ ነበር። እንዲህ ያሉት ጫማዎች ስፖንጃቸው ከፍ ያለና በጣም ለስላሳ ስለሆነ በዝግታ ለሚሮጥ፣ ይልቁንም እየተራመደ ለሚሮጥ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ያወላውላሉ፤ በውስጣቸው ያለው ጠንካራ የካርቦን ዝርግም እግር የለመደውን አረጋገጥ ይለውጣል። ከአራት ወር ሕክምና የተመለሰ ጅማት ደግሞ ብዙ ለውጥ በአንድ ጊዜ አይወድም።

ነጋዴው የነገረዎት በዓለም ዙሪያ በጫማ ሱቆች ለብዙ ዓመታት ሲነገር የኖረ ነው፤ እኛም በአንድ ወቅት እናምነው ነበር። በአሜሪካ የጦር ሠልጣኞች ላይ በተደረጉ ሰፊ ጥናቶች ግን፣ በውስጠ እግራቸው ቅርጽ ተመርጦ ጫማ የተሰጣቸው ሠልጣኞች እንዲሁ አንድ ዓይነት ጫማ ከታደላቸው ያነሰ ጉዳት አልደረሰባቸውም። እግርዎ ጠፍጣፋ ሆኖ አራት ዓመት ያለ ችግር ከሮጡበት፣ ጠፍጣፋነቱ ብቻውን ልዩ ጫማ ለመግዛት ምክንያት አይሆንም። ከእግር ቅርጽ ይልቅ አድርገውት ጥቂት ሲሮጡበት የሚሰማዎ ምቾት የተሻለ መመሪያ ነው።

ስለ አበበ ቢቂላ ባለቤትዎ ያሉት እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። በ1952 ዓ.ም ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው አበበ፣ በ1957 ዓ.ም ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በጫማ ሮጦ አሸንፏል። በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ ባትንና የተረከዝ ጅማትን ከሁሉ በላይ የሚያሠራ ስለሆነ፣ ቀልዱ ቀልድ ሆኖ ይቅር።

ከጫማው እኩል የሚያሳስበን የሚሮጡበት መንገድ ነው። ዳገት ተረከዝን ወደ ታች እያወረደ ጅማቱን ስለሚለጥጠው፣ ምንም ዓይነት ጫማ ቢያደርጉ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሜዳ ሜዳውን ይምረጡ። የኮንዶሚኒየም የውስጥ መንገድ ኮብልስቶን ከሆነ በእሱ ላይ በእግር ይሂዱና ሩጫውን ደልደል ካለ አስፋልት ዳር ወይም ከተጠቀጠቀ አፈር ላይ ይጀምሩት። ለስላሳ መሬት ሁልጊዜ ለእግር ይሻላል የሚለው ልማድም ለእርስዎ አይሠራም፤ እግር የሚሰምጥበት አሸዋና ጭቃ ባትን ይበልጥ ያደክማል። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ከውፍረቱ ይልቅ የሶሉን ጥርስ ይመልከቱ።

ከሳልባጅ መግዛት ነውር የለውም፤ ብዙ ጎበዝ ሯጮች የጀመሩት በዚያ ነው። ይሁን እንጂ የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከተሮጠበት በኋላ ስፖንጁ መመለስ እንደሚያቆም ይነገራል፤ የሳልባጁ ጫማ ምን ያህል እንደተሮጠበት ደግሞ ሻጩም አያውቅም። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ይተዉት። የሶሉን ጎን በአውራ ጣት ይጫኑት፤ ደርቆ እንጨት ከሆነ ወይም በጥልቅ ከተሸበሸበ መልኩ ቢያምርም አይግዙት። ሲያጥፉት መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው፤ መሐሉ ላይ እንደ ደብተር ከተከፈለ እግርን አይደግፍም።

አዲሱን ጫማ መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት በእግር ይሂዱበት፤ ከዚያም በአጭር በአጭሩ ይሩጡበት፤ በዚያው ሳምንት ርቀትም ፍጥነትም አይጨምሩ። በሩጫው መሐል ቀላል ሕመም ቢሰማዎ አይደንግጡ፤ ዋናው መለኪያ በማግሥቱ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የሚሰማዎት ነው። ጅማቱ ከወትሮው ይበልጥ ግትር ካለብዎ ወደ ኋላ መለስ ይበሉ። ድንገት ከኋላ በድንጋይ የተመቱ ያህል ከተሰማዎና በጣቶችዎ መቆም ካቃተዎ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ ወጌሻ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። በዚህ አጋጣሚ፣ በአገራችን ለታይፎይድና ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በብዛት የሚወሰደው ሲፕሮፍሎክሳሲን የተረከዝን ጅማት ሊጎዳ እንደሚችል ይወቁ፤ ሐኪም ሊያዝልዎ ሲል የጅማት ሕመም እንዳለብዎ አስቀድመው ይንገሩት።

ወንድምዎ ጫማ መላኩን ካልተወ ከቁጥር ይልቅ ልክዎን ይላኩለት፤ የአንዱ ፋብሪካ 39 ከሌላው 39 ጋር እኩል አይደለምና። እግር ውሎ ሲያብጥ፣ ወደ ማታ፣ የሚሮጡበትን ካልሲ አድርገው ወረቀት ላይ ይቁሙና ሁለቱንም እግሮች በእርሳስ ያስከብቡ። ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ያለውን በሴንቲ ሜትር ለክተው የትልቁን እግር ይጻፉለት፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት የሚያህል ክፍተት እንዲኖር፣ በተረከዙ ሥር ያለው ሶል በጣቶቹ ሥር ካለው ከ8 ሚሊ ሜትር ባላነሰ እንዲበልጥ፣ ካርቦን እንዳይኖረው ብለው ያክሉበት።