«አስረውብኛል» ላልከው ሙሽራ

ጥያቄ፦ ከብቸና አካባቢ ነኝ፤ 27 ዓመቴ ነው። ጥር ላይ አገባሁ። በሠርጉ ሌሊት ሚዜዎቼ ብር አምባር ሲጠብቁ እኔ አልሆነልኝም። በማግስቱም እንዲሁ። እናቴ «አስረውብህ ነው» ብላ ደብተራ ዘንድ ወሰደችኝ፤ ከፈልን፤ ለውጥ የለም። ዐቢይ ጾም ሲገባ እፎይ አልኩ። ፋሲካ ሲያልፍ ጭንቀቱ ተመለሰ። ሚስቴ ምንም አትልም፣ ግን ፊቷን ታዞራለች። ጠዋት ስነቃ ብልቴ ይቆማል። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልሱ በመጨረሻ ጣል ባደረግካት ነገር ውስጥ አለ። ጤነኛ ወንድ ተኝቶ ሳለ በአንድ ሌሊት ከ3 እስከ 5 ጊዜ ያህል ብልቱ ይቆማል፤ የጠዋቱ የመጨረሻው ነው። ደም ሥርህና ነርቭህ ባይሠሩ ይህ አይሆንም ነበር። የታሰረ ነገር ጎሕ ሲቀድ ብቻ አይፈታም።

ብልት የሚቆመው የውስጡ ደም ሥሮች ላልተው ደም ሲሞሉ ነው። ሰው ሲፈራ ግን አድሬናሊን ይረጫል፤ ደም ወደ እግርና ክንድ ጡንቻ ይሮጣል፤ የብልት ደም ሥሮች ይጠባሉ። የሠርግ ድካም፣ ጠላና አረቄ፣ ደጅ ላይ ጆሮውን የጣለ ሚዜ፦ ይህ ሁሉ ተደምሮ የመጀመሪያውን ሌሊት አበላሸው። ሁለተኛውን ያበላሸው «ዛሬስ?» የሚለው ስጋት ነው። 55 ቀን መሸሽህም ፍርሃቱን አደለበው እንጂ አላከሳውም።

ስለ ብር አምባሩ ደግሞ ግልጽ ልሁን። የድንግልና ሽፋን የሚባለው ድፍን አይደለም፤ ድፍን ቢሆን የወር አበባ መውጫ አያገኝም ነበር። ከሴት ሴት ይለያያል፣ ይለጠጣል፤ ብዙ ሴቶች በመጀመሪያ ግንኙነት አይደሙም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጾ እንዲቀር ጠይቋል። ስለዚህ ለማንም የምታሳየው ጨርቅ የለብህም፤ ሚስትህም በደም አትለካም።

ዛሬ ማታ፣ አልጋ ላይ ሳይሆን ቡና ስትጠጡ፣ «ጠልቼሽ አይደለም፤ ፈርቼ ነው» በላት። ፊቷን የምታዞረው የተጠላች መስሏት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ለሁለት ሳምንት ግንኙነት እንደማትፈጽሙ ተስማሙ። አሁን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም ጾም የለም፤ ጊዜው ምቹ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ምሽት፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል፣ አንዳችሁ ዳሳሽ ሌላችሁ ተዳሳሽ ሆናችሁ ተራ ተለዋወጡ። ጡትና ብልት አይነኩም። ተዳሳሹ የሚመቸውን ብቻ ይናገር። ሐሳብህ «ቆመ ወይስ አልቆመም?» ወደሚለው ሲሄድ ወደ እጇ ሙቀት መልሰው። በሁለተኛው ሳምንት ብልትም ይጨመር፤ ከቆመ በኋላ ሆን ብላችሁ መዳሰሱን አቋርጡና ይውደቅ፤ እንደገና ጀምሩ። ወድቆ ሲመለስ በዓይንህ ማየትህ ነው ፍርሃቱን የሚነቅለው። ብዙ ጥንዶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ በአራተኛው ቀን ሲቆም «ሳያመልጠኝ» ብለው ይጣደፋሉ፤ ፈተናው እንደገና ይጀምራል።

በሦስተኛው ሳምንት እሷ ከላይ ሆና በራሷ ፍጥነት ትምራ። እስካሁን አብራችሁ የኤችአይቪ ምርመራ ካላደረጋችሁ ወይም ልጅ መውለዱን ለጊዜው ለማዘግየት ካሰባችሁ ኮንዶም ተጠቀሙ፤ ግን ሲያጠልቁ መቆሙ የሚጠፋባቸው ብዙ ናቸው፤ አስቀድመህ ለብቻህ ተለማመድ። ድርቀት ካለ ከፋርማሲ በውኃ የተሠራ ማለስለሻ ግዛ። ቫዝሊንና ቅቤ የላስቲኩን ኮንዶም ያበላሻሉ፤ ይቀደዳል።

የሚያስቆም ክኒን በጓደኛ ምክር አትዋጥ። ፍላጎት ከሌለ አይሠራም፤ ናይትሬት ከሚባለው የልብ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ደግሞ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ይጥላል። የጠዋቱ መቆም ከጠፋ፣ ስኳር ወይም ግፊት ካለብህ፣ ወይም እሷ ስትነካ ሰውነቷ ተኮማትሮ የሚያማት ከሆነ ደብረ ማርቆስ ሄዳችሁ ሐኪም ይያችሁ። እናትህ ስትጠይቅህ «ሕክምና ጀምሬአለሁ» በላት፤ ከዚያ በላይ ማስረዳት የለብህም።