ዝናቡ ካልታወቀ ቀመሩ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መራዊ አካባቢ የመስኖ መሐንዲስ ነኝ። የአፈሩን ቦይ ኮንክሪት እናልብሰው ወይስ እንተወው የሚለውን ለመወሰን ኤክሴል ላይ የሊኒየር ፕሮግራሚንግ ሞዴል (ባለው መሬትና ውሃ ትልቁን ትርፍ የሚፈልግ ስሌት) ሠራሁ። አለቃዬ ግን «ዝናብ የእግዜር ነው፤ በቁርጥ ቁጥር የሚሠራ ሞዴል አይረባም» አሉኝ። ልተወው?

መልስ፦ ኧረ እንዳትተወው! አለቃህ ስለ ዝናቡ ልክ ናቸው። ግን እናንተ በዋናነት የምታጠጡት በበጋ ነው። የቆጋ ግድብ ክረምቱን ሲሞላ ይከርማል፤ ክረምቱ ሲወጣ ስንት ውሃ እንደያዘ ለክተህ ታውቃለህ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ክፍፍል ነው፣ ለክፍፍል ደግሞ እንዲህ ያለ ሞዴል ግሩም ነው።

ለምሳሌ ያህል እንበል፦ 100 ሄክታር መሬትና 600 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ አለህ። ስንዴ በሄክታር 5 ሺህ ሜትር ኩብ ጠጥቶ 60 ሺህ ብር ያተርፋል፣ ድንች 7 ሺህ ጠጥቶ 80 ሺህ። ሶልቨሩ (ኤክሴል ውስጥ ያለው መልስ ፈላጊ) ግማሽ በግማሽ ዝራ ይልሃል፤ ትርፉ 7 ሚሊዮን ብር ነው። አሁን 60 ሺህ ሜትር ኩብ በቦዩ ሰርጎ ቢጠፋ ድንቹ ወደ 20 ሄክታር ይወርድና ትርፉ 6.4 ሚሊዮን ይሆናል። አየህ? እያንዳንዱ ሜትር ኩብ 10 ብር ያወጣል ማለት ነው። ሻዶው ፕራይስ የሚባለው ይኸው ነው፤ የኮንክሪቱን ወጪ የምታወዳድረው ከዚህ ጋር ነው። ውሃው ከ500 ሺህ በታች ከወረደ ግን መሬት ጦም ማደር ይጀምራል፣ ዋጋውም 12 ብር ይገባል።

የአለቃህ ስጋት ቦታ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ቦዩ የሚሠራው ለአንድ በጋ ሳይሆን ለብዙ ዓመት ስለሆነ፣ ያንኑ ሞዴል ውሃው ባነሰበት ዓመት፣ በመካከለኛውና በደጉ ዓመት ቁጥር ደጋግመህ አስኪደው። በሦስቱም ኮንክሪቱ ካዋጣ፣ አለቃህን ለማሳመን አይከብድህም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሞዴል ያልነገርከውን አያውቅም፤ ትርፍ ብቻ ካልከው ከቦዩ ግርጌ ያለውን ገበሬ ያለ ውሃ ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ የውሃ አባቶቹን (ውሃውን ለገበሬው የሚያከፋፍሉትን) ጠይቅና ለግርጌዎቹ የማይነካ ዝቅተኛ ድርሻ አስገባላቸው። የሚሰርገው ውሃ ታች ያሉትን ጉድጓዶች የሚመግብ ከሆነም ሁሉንም እንደ ኪሳራ አትቁጠረው።

ከሁሉ በፊት ግን ቦዩ ራስጌና ግርጌ ላይ ፍሰቱን ለካ። በመሀል የሚወጣውን ስትቀንስ የሚቀረው ልዩነት የጠፋው ውሃ ነው፤ ውሳኔህን የሚገለብጠውም ይኸው ቁጥር ስለሆነ ከመጽሐፍ አትውሰደው።