የሃምበርገር ቤት ቡና ወይስ የካፌ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። ጠዋት ጠዋት ከሃምበርገር ቤት ቡና እገዛለሁ፤ አንዱን ቀን ይጥመኛል፣ ሌላውን ቀን ይመረኛል። ጨመር አድርጌ ከካፌ ብገዛ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ጣዕሙን የሚያለዋውጠው በአብዛኛው ቆይታው ነው። እነዚህ ቤቶች ቡናውን በብዛት አጣርተው ከሥሩ በሚሞቅ ማንቆርቆሪያ ወይም በፔርሙዝ ያስቀምጡታል። ምድጃ ላይ ከ30 ደቂቃ በላይ የቆየ ቡና መዓዛው ይጠፋል፣ ውሃው ይተናል፣ ምሬቱ ይገናል። ስለዚህ ሰው በሚሰለፍበት ሰዓት ይግዙ፤ ማንቆርቆሪያው ቶሎ ቶሎ ያልቅና አዲስ ይፈላል። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ግን «አዲስ አፍሉልኝ» ይበሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ያስጠብቃል እንጂ ነውር የለበትም።

ካፌ ገብተው ተጣርቶ የተቀመጠ ጥቁር ቡና ካዘዙ ግን ትርፍ የከፈሉት በከንቱ ነው፤ እዚያም ከትልቅ ዕቃ ይቀዳል። ገንዘቡ የሚያዋጣው ለኤስፕሬሶና ለማኪያቶ ነው፤ እዚያው ተፈጭቶ፣ ከ18 ግራም ገደማ የቡና ዱቄት ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ 36 ግራም ያህል ፈሳሽ ቡና ይወርዳል። በ15 ሰከንድ ከወረደ ቀጥኖ ይኮመጥጣል፤ 40 ካለፈ ይመራል። ከማዘዝዎ በፊት የወተት ማፍያውን የእንፋሎት ቧንቧ አየት ያድርጉ። የደረቀ ወተት ከተጋገረበት ሌላ ካፌ ይፈልጉ።

ስኳርና ክሬም አብዝተው የሚጠጡ ከሆነ ግን ልዩነቱ ብዙም አይታወቅዎትም፤ ርካሹ ይበቃዎታል። ቤት ለሚያጣራ ደግሞ ለ1 ሊትር ውሃ 60 ግራም ቡና፣ ውሃው ከፈላ በኋላ ግማሽ ደቂቃ አሳርፎ።